አራት ላሞች በአንድ ጠዋት

የከብት እርባታው ጌታ በኮርማው በረት ውስጥ ደረቱ ተደቁሶ ሞቶ ሲገኝ፣ ጥፋተኛው ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ተመርጦ አለቀ፤ ኮርማ ጠባቂው ሽማግሌ! «ኮርማ የፈለጉ ላሞችን ከኮርማው አጠገብ አጉሮ፣ አሳብዶት ጌታውን አስፈጀ» ተባለ። መርማሪዋ የደረሰችው ፖሊሱ ሽማግሌውን እጃቸውን አስሮ መኪና ላይ ሊያወጣቸው ሲል ነው። ጠይቃ ስለማትጠግብ ባልደረቦቿ «እመት ለምን» ይሏታል፤ ከኋላዋ ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ!

«አባባ፣ ላሞቹን ለምን እዚያ አስገቧቸው?»

«ልጄ፣ ሳስገባቸው አንዷም ኮርማ አልፈለገችም! ከብት መሀል ነው ያረጀሁት፣ ይሄ ይጠፋኛል? ዛሬ ጎህ ሳይቀድ አራቱም ባንዴ አበዱ። አብራቸው ያለችው እርጉዟ ላም ደግሞ ጨነገፈባት። በዚህ ዕድሜዬ ታስሬ ልሙት?»

መርማሪዋ ወደ በረቱ ሄደች። ላሞቹ አንዷ በሌላዋ ላይ እየወጣች ይጮኻሉ፤ ኮርማው ከአጥሩ ወዲያ አረፋ ይደፍቃል። ጥግ ላይ አንዲት ቀይ ላም ገና ፀጉር ያላበቀለ ጽንሷን ታሸታለች።

የከብት ሐኪሙን መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ አገኘችው፤ እስከ ክንዱ የሚደርስ ጓንት አድርጓል።

«አራት ላሞች በአንድ ጠዋት ኮርማ ይፈልጋሉ?»

«እንዲሁማ አይሆንም። እያንዳንዷ የራሷ ዑደት አላት። በሆርሞን መርፌ ግን ይሆናል፤ በሁለት በሦስት ቀን ዑደታቸውን አንድ ላይ ያመጣዋል።»

«እርጉዝ ብትወጋስ?»

«ታስወርዳለቻ! ግን እሷን ማን ይወጋታል? እኔም አባባም እርጉዝ መሆኗን እናውቃለን።»

«ጓንቱስ ለምንድን ነው?»

«መድኃኒቱ በቆዳ ይገባል። ሴት እንዳትነካው ብያለሁ።»

«ለምን እንደሆነስ ነግረሃል?»

ሐኪሙ አቀረቀረ። «ስለ ማህፀን ለሴት ማውራት… ያሳፍረኛል።»

ኧረ እፍረትህ ገደል ይግባ! አለች በሆዷ።

የሟች ሚስት አልጋዋ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። የሟች ታናሽ ወንድም አጠገቧ ቆሟል።

«ሐዘን ነው የጣላት» አለ።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ እህቴ?»

«ሆዴን… ከትናንት ወዲያ ጀምሮ።»

መርማሪዋ ሌላ አልጠየቀችም። ሁሉም ሳሎን እንዲሰበሰቡ አደረገች፤ ሚስትየዋ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ መጣች፣ ሽማግሌውም እጃቸው እንደታሰረ ተቀመጡ።

«ጌታው ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ ብቻውን ኮርማው ዘንድ እንደሚገባ የዚህ ቤት ሰው ሁሉ ያውቃል» አለች። «ኮርማው እንዲያብድ የፈለገ ሰው ላሞቹን ወጋ። ያቺንም እርጉዝ አብሮ ወጋ፤ ስለዚህ ሐኪሙም አባባም አይደሉም።»

ወንድምየው ብድግ አለ። «እኔ ከመንገድ የገባሁት ትናንት ማታ ነው!»

«አውቃለሁ፣ ቁጭ በል። መርፌው ከዚያ በፊት ነው የተወጋው።» ወደ ሚስትየዋ ዞረች። «ባልሽ የሞተው ዛሬ ነው፤ ያንቺ ሕመም ግን ቀደመው። እርጉዝ ነበርሽ?»

ሴትዮዋ ገነፈለች።

«የሱ ልጅ ነበር እኮ! ሆስፒታል “ዘርህ ደካማ ነው” ስላሉት “ከማን አመጣሽው?” አለኝ። “ካላስወረድሽው ሁለታችሁንም እቀብራችኋለሁ” አለኝ። ምን ላድርግ? ልጄን ላድን ብዬ ነው! አልተረፈልኝም እንጂ።»

«ስትወጊያቸው ጓንት አድርገሽ ነበር?»

«የምን ጓንት? መድኃኒቱ እጄ ላይ ሲፈስ በቀሚሴ ጠረግኩት።» ሐኪሙን አየችው። «“ሴት አትንካው” ስትል እኮ ንቀት መስሎኝ ነው!»

ሐኪሙ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። መርማሪዋ ይህን መናገር ጠላች፤ ግን ሽማግሌውን የሚያስፈታው ማስረጃ ይኸው ነው።

«ላሚቱን ያስወረዳት መድኃኒቱ ነው፣ እህቴ። አንቺም ውስጥ በቆዳሽ ገብቷል።»

ፖሊሱ የሽማግሌውን እጅ ፈታ። ሴትዮዋ ማንንም አላየችም፤ መዳፎቿን ገልብጣ ታያለች።

«ታዲያ ልጄን… እኔ ነኝ የገደልኩት?»