የተመገቡት አራት ሳህኖች

ሬሳው የተገኘው ሰኞ ጠዋት፣ በሩ ላይ «ያለ ጓንት መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ በተለጠፈበት ክፍል ውስጥ ነው። ጓንት እጅን እንጂ ሳንባን አያድንም፤ ይህን ማስታወቂያው አልጻፈውም። ሟቿ በምርምር ተቋሙ ሃያ አንድ ዓመት ያገለገሉ፣ ሁሉም «ሞግዚቷ» የሚላቸው የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበሩ። ሳህን ላይ የሚያድጉ ህዋሳትን በየሁለት ቀኑ ይመግባሉ፣ ሙቀታቸውን ይጠብቃሉ፣ ሰው የሌለ ሲመስላቸውም ያጫውቷቸዋል። አሁን በፈሳሽ ናይትሮጅን ጋኑ አጠገብ በጎናቸው ተኝተዋል። ቁስል የለ፣ የትግል ምልክት የለ። ነጭ ጋዋናቸው እንኳ ቁልፉ እንደተቆለፈ ነው።

«አደጋ ነው፤ እስከ ምሳ መዝገቡን ዘግተሽ ነይ» አላት አለቃዋ በስልክ።

«እሺ» አለች መርማሪዋ። እሺ ማለት አይከብዳትም፤ የሚከብዳት ማድረጉ ነው። በመሥሪያ ቤቷ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር፤ እሷ ግን እንደ ማዕረግ ይዛዋለች።

ሬሳውን ያገኘው ምክትል ተመራማሪው ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ክፍሉን አስረዳት።

«ናይትሮጅን ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ክፍሉን ሲሞላ አየሩን ያስወጣዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ስትተነፍሺ… ይቅርታ፣ ሲተነፍሱ…»

«አንቺ በለኝ፤ ቀጥል።»

«ራስሽን ትስቻለሽ፤ መታፈንሽን እንኳ አታውቂውም። ለዚህ ነው በሩን በሽብልቅ ሳንደግፍ ማንም የማይገባው። ደንቡን ያወጡት እትዬ ራሳቸው ናቸው። አንዴ ረስቼ ስገባ ጆሮዬን ይዘው አስወጥተውኛል፤ የዶክትሬት ዲግሪ ያለኝን ሰውዬ።»

«የአየር ማስጠንቀቂያ ደወል የላችሁም?»

«ከተበላሸ ሦስት ወሩ። አዲስ ይገዛ ብለን ስንጠይቅ የእንግዳ መቀበያው ሶፋ ይቅደም ተባለ።»

መርማሪዋ ስትመጣ ያረፈችበትን ሶፋ አስታወሰች። ለስላሳ ነበር። ንዴቷ ከዚያች ደቂቃ ጀመረ።

«ጠዋት ስትመጣ ምን አገኘህ? ምንም ሳታሳምር ንገረኝ።»

«በሩ ዝግ ነው። ቀንና ሌት መሥራት ያለበት ማራገቢያ ጠፍቷል፤ ማብሪያው ጋኑን ከሚሞላው ቧንቧ መክፈቻ ጎን እዚህ ውጭ ነው፣ ይኸው። አበራሁት፣ በሩን ከፍቼ አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ፣ ከዚያ ገባሁ። ያን ጊዜ እሳቸው…»

መርማሪዋ ግድግዳውን አየች። ሽብልቁ፣ ባለ ቀይ ቀለም የእንጨት ቁራጭ፣ ከበሩ ውጭ ሚስማሩ ላይ በክሩ ተንጠልጥሏል።

«ይሄን ዛሬ የነካው አለ?»

«ማንም።»

በማስታወሻዋ ላይ አንድ መስመር ጻፈችና ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

የፖሊስ ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ ሞቱን ቅዳሜ ከቀኑ ስምንትና አሥር ሰዓት መካከል አደረገው። የበሩ ጥበቃ መዝገብ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ሕንፃው ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን ያሳያል፤ ሟቿ፣ ምክትሉ፣ የዓይን ቀዶ ሐኪሟና ዳይሬክተሩ። እሑድ ማንም አልገባም።

የዓይን ሐኪሟ ቀጭን፣ ቁጡና እንቅልፍ ያጣች ሴት ናት።

«እኔ ቅዳሜ የመጣሁት የነገውን ቀዶ ሕክምና ዕቃ ለመቁጠር ነው። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሹፌር አለኝ። ባትሪ ፊቱ ላይ ፈንድቶ ቀኝ ዓይኑ በአሲድ ተቃጥሏል። ከደህናው ዓይኑ ጠርዝ፣ የዓይኑን ጥርት ያለ የፊት ሽፋን፣ ኮርኒያውን፣ ሳይቋረጥ የሚያድሱት ግንደ ህዋሳት ካሉበት፣ የሩዝ ፍሬ የማታክል ቁራጭ ወሰድን። እዚህ አሳድገው ስስ ሽፋን ያደርጉልኛል፣ እኔ በታመመው ዓይን ላይ አለብሰዋለሁ።»

«ባይሳካስ?»

«ደህናውን ዓይን ሁለተኛ አልቆርጠውም፤ እሱንም አጠፋዋለሁ። ስለዚህ ሰውየው ያለችው ዕድል ያቺው ናት።»

«ሞግዚቷን መጨረሻ ያነጋገርሻቸው መቼ ነው?»

ሐኪሟ መስኮቱን አየች። «ዓርብ። ‹ልጄ፣ ከማልበስሽ በፊት የማን እንደሆነ ጠይቂ› አሉኝ። ምን ማለትዎ ነው ስላቸው ‹ቅዳሜ አጣርቼ እነግርሻለሁ፣ ሹፌሩንም ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ› አሉ። እርጅና መሰለኝ።» ድምጿ ወረደ። «እርጅና መሰለኝ አልኩሽ፤ ትሰሚኛለሽ?»

«ሰምቼሻለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እነዚህን ሳህኖች መግበሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ? የቤቴን አበባ እንኳ አድርቄያለሁ።»

ህዋሳቱ የሚያድጉበት ማሞቂያ ሳጥን ሲከፈት አሥር ሳህኖች ተደርድረዋል። ምክትሉ ገና እንዳያቸው ፊቱ ተለዋወጠ።

«የኔዎቹ ተርበዋል» አለ። «ተመልከቺ፤ የሚመገቡት ፈሳሽ ትኩስ ሲሆን ሮዝ ነው፣ ሲበሉት ቢጫ ይሆናል። እነዚህ ስድስቱ የኔ ናቸው፤ ከፀጉር ሥር የተወሰዱ ህዋሳት። ስፖንሰሮቻችን የሚወዷቸው እነዚህን ነው። ለተቃጠለ ቆዳ እንዲሆኑ ነበር የጀመርኳቸው፤ አሁን የራሰ በራ ጸሎት ሆነዋል።»

«እነዚህ አራቱስ?»

«የሹፌሩ ኮርኒያ።» አራቱ እንደ ጽጌረዳ ሮዝ ናቸው። ምክትሉ ግራ ገባው። «እትዬ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ አሥሩንም ነበር የሚመግቡት። ልጅ አይለዩም።»

መርማሪዋ አንዱን ሳህን በጓንት አነሳች። ክዳኑ ላይ በሰማያዊ ማርከር ትንሽ የራይት ምልክት ተደርጓል። የአራቱም ክዳን እንዲሁ ነው። የስድስቱን ክዳን አየች፤ ባዶ። ገልብጣ ከሥራቸው ስታይ የራይት ምልክቶች ከነቀናቸው ተደርድረዋል፤ የመጨረሻው የሐሙስ ነው።

«ምልክቱ ምንድን ነው?»

«በመገብን ቁጥር አንድ ራይት። ከሥሩ ነው የምናደርገው፤ ክዳን ይቀያየራላ። ድሮ ክዳን ላይ ነበር የሚደረገው፤ ከስድስት ዓመት በፊት ክዳን ተቀያይሮ የሁለት ሰው ህዋስ ተደባልቆ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ክዳን ላይ የጻፈ ሰው ከእትዬ ጋር አይኗኗርም። እኔ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው፤ ክዳን ላይ የጻፈ አይቼ አላውቅም።»

«ዛሬ አንድ ሥራ ልስጥህ» አለችው። «ለማንም ሳትተነፍስ።»

በዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ የሚታየው ሁሉ ዳይሬክተሩ ነው፤ ግድግዳው ላይ ዳይሬክተሩ ሪባን ሲቆርጥ፣ ዳይሬክተሩ ዋንጫ ሲቀበል፣ ዳይሬክተሩ ማይክሮስኮፕ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ሲመራመር። ራሰ በራ ጭንቅላቱ እንደ ተወለወለ ሳህን ያበራል። ስለ ፀጉር ህዋሳት ግን እንደሱ አንጀት የሚበላ ንግግር የሚያደርግ የለም።

«ከባድ ሐዘን ነው፤ ታላቅ ጉዳት» አለ። «የነገው ቀዶ ሕክምና ለሳቸው መታሰቢያ እንዲሆን ወስኛለሁ። እንግዶች ተጠርተዋል፣ ካሜራ አለ። በአሥራ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነው።»

«ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ወንበሬ ላይ፤ የነገን ንግግር ስጽፍ።»

«ላቦራቶሪ አልገቡም?»

«እህቴ፣ እኔ ሳህን ከነካሁ አሥር ዓመት አልፎኛል። ድሮ ግን» እጆቹን አሳያት «እነዚህ ህዋሳት በእነዚህ እጆች ነው ያደጉት። ሞግዚቷን ያሠለጠንኩ እኔ ነኝ።»

«ይታያል» አለች መርማሪዋ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱንም ስብሰባ አዳራሽ አስቀመጠቻቸው። እሷ አልተቀመጠችም። አለቃዋ ሦስት ጊዜ ደውሎ ነበር፤ ስልኳን ዘግታዋለች።

«አደጋ ነው ተብሏል» ብላ ጀመረች። «አደጋ ቢሆን ሽብልቁ ከበሩ ሥር ይገኝ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ያወጡትን ደንብ ሃያ አንድ ዓመት አልጣሱም። በሩን ደግፈው ገቡ። ሽብልቁ ግን ውጭ፣ ሚስማሩ ላይ ነው ያለው። የሞተ ሰው ከተዘጋ በር ወጥቶ ዕቃ አይሰቅልም። አንድ ሥርዓት የሚወድ ሰው ሽብልቁን አነሳ፣ በሩን ዘጋ፣ ማራገቢያውን አጠፋ፣ ጋኑን የሚሞላውን ቧንቧ ከዚሁ ከኮሪደሩ ከፈተ። በሩንም ይዞ ቆመ። ሁሉም ጸጥ ሲል ቧንቧውን መልሶ ዘጋ። ከዚያም ዕቃውን ቦታው መለሰ።»

ማስታወሻዋን ገለጠች።

«ቀጥሎ ሳህኖቹ። እሳቸው መግበው ቢሆን አሥሩም ሮዝ ይሆኑ ነበር፤ ሳይመግቡ ሞተው ቢሆን አሥሩም ቢጫ። አራቱ ብቻ ናቸው ሮዝ። እሳቸው እንደማይመጡ ያወቀ ሰው ነው የመገባቸው። ይህን ቅዳሜ ማን ያውቃል? የገደላቸው።»

«ምናልባት አራቱን መግበው አቋርጠው ይሆናል» አለ ዳይሬክተሩ።

«ያን ጊዜ ራይቱ ከሥር ይሆን ነበር። ክዳን ላይ ነው። ምክትልዎ አራት ዓመቱ ነው፣ ክዳን ላይ ሲጻፍ አላየም። ደግሞም እሱ ቢሆን የራሱን ስድስት ሳህን አስርቦ የሌላ አይመግብም። ሐኪሟ ራይት መኖሩንም አታውቅም።»

«የምን ራይት?» አለች ሐኪሟ።

«ይኸው። የቀረው ይህ ደንብ ከመቀየሩ በፊት የሠለጠነ፣ አዲሱን ያልለመደ እጅ ነው። ጭንቅላት ይጠነቀቃል፣ እጅ ግን የለመደውን ይሠራል።»

ዳይሬክተሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በራይት ምልክት ነው የምትከሺኝ? ለምን ብዬ?»

«‹ለምን› የኔ ሥራ ነው። ንገራቸው» አለች ወደ ምክትሉ።

ምክትሉ ወረቀቱን ዘረጋ። «ከአራቱ ሳህን ናሙና ወስጄ መረመርኩ። የሴት ህዋስ ነው። የሹፌሩ አይደለም።»

ሐኪሟ ብድግ አለች። «ነገ የሌላ ሰው ዓይን ላለብሰው ነበር?»

«የሹፌሩ ህዋሳት ከሁለት ሳምንት በፊት ሞተዋል፤ ሞግዚቷ ዛሬ ከመሳቢያቸው ባገኘሁት ደብተር ላይ ጽፈውታል» አለች መርማሪዋ። «በማግስቱ ሳህኖቹ በተአምር ሞልተው አገኙ። ተአምር አላመኑም። ቅዳሜ ናይትሮጅኑ ክፍል የገቡት ከሹፌሩ ዓይን በመጀመሪያው ቀን አቀዝቅዘው ያስቀመጡት መጠባበቂያ መኖሩን ሊያዩ ነው። እሱን ይዘው ሐኪሟ ዘንድ፣ ከዚያ ሹፌሩ ዘንድ ሊሄዱ። እርስዎ ደግሞ ሳህኖቹን በሌላ ሰው ህዋስ ሞልተው ካሜራ ጠርተዋል።»

«ሦስት ሳምንት ነበር የሚያዘገየን» አለ ዳይሬክተሩ ቀስ ብሎ። «አሥራ ሁለት ዓመት ‹ደረስን› ብዬ… ለመንኳቸው። ‹ልጁ ይታወርብሃል› ከማለት በቀር አንደበት አልነበራቸውም።»

«ከገደሏቸው በኋላ ቁጭ ብለው ሳህን መገቡ።»

«ይሙቱ ብዬ ልተዋቸው?» አለ፤ ከልቡ ነበር። «ህዋሶቹ ምን አጠፉ?»

መርማሪዋ በሃያ ዓመት ሥራዋ ተጠርጣሪ መትታ አታውቅም። እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተችውና እዚያው ጨበጠችው። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ምክትሉ ፊቱን በጋዋኑ ሸፍኖ ነበር።

«መጠባበቂያው አለ?» አለችው።

«አለ። ጋኑ ውስጥ ነው፣ አልተነካም። ዛሬውኑ እጀምረዋለሁ። ሦስት ሳምንት።»

ሹፌሩ ዋርድ ውስጥ በፋሻ የታሰረ ዓይኑን ወደ በሩ አዙሮ፣ ለነገ ጢሙን ተላጭቶ ተቀምጧል። መርማሪዋ ወንበር ስባ ሁሉንም ነገረችው፤ ሳታሳምር።

«ፈቃዴን አስፈርመውኛል» አለ በመጨረሻ። «በየቀኑ እየመጡ ‹እንዴት አደርክ ጀግናው› ይሉኛል። ነርሱ፣ ጋዜጠኛው፣ ራሱ ዳይሬክተሩ። ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል ለኔ ሊነግረኝ ያሰበ አንድ እንኳ አልነበረም?»

«ነበሩ» አለች። «ከሁሉም የሚያንስ ደመወዝ ነበራቸው። ቅዳሜ ወደ አንተ ለመምጣት ተነስተው ነበር።»

ሹፌሩ እግሩን ከአልጋው አወረደ።

«ቀብራቸው መቼ ነው?» አለና ጫማውን በእግሩ መፈለግ ጀመረ።