ከማንጎው ሥር የወጣው ገንቦ

ዐፊፋ መጀመሪያ ያየችው ጀርባውን ነው። አሶሳ ዳር ባለው ግቢያቸው፣ ከማንጎው ሥር፣ ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክኮ አፈሩን በጥርስ ብሩሽ ይጠርጋል።

«አንተ! የአፈር ጥርስ ልታጥብ ነው?»

ደንግጦ ሲነሳ ጭንቅላቱን ከቅርንጫፍ ጋር አጋጨ። ሙንታሲር ይባላል፤ የቅርስ ተመራማሪ ነው፤ አባቷ ፈቅደውለት ነው የሚቆፍረው። በሁለት ወር ውስጥ እሷ ሻይ የምታመጣበት ሰበብ አለቀባት፤ እሱም «ሽማግሌ እልካለሁ» አለ።

ከዚያ ያ የተረገመ ገንቦ ወጣ!

«ዐፊፋ፣ ሁለት ሺህ ዓመት ሳይሆነው አይቀርም! ጌጡ ሱዳን ከተገኘው ጋር አንድ ነው። ሐሙስ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አቀርበዋለሁ።»

ስብርባሪውን ስታይ ወዲያው አወቀችው።

«ይሄ የእማ ሥራ ነው። ጌጡ የወጣው የበቆሎ ቆረቆንዳ እርጥቡ ጭቃ ላይ ተንከባሎ ነው። በቆሎ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ አፍሪካ ከገባ ገና አምስት መቶ ዓመቱ! የምን ሁለት ሺህ?»

ሳቀ። «ከስምንተኛ ክፍል አቋርጠሽ ይሄን ሁሉ ከየት አውቀሽ ነው?»

ከየት አውቀሽ! ገበያ ላይ ማንጎ ስትሸጥ፣ ለመጠቅለያ የመጣ መጽሐፍ ሁሉ ሳታነበው ተቀዶ አያውቅም።

«ሽማግሌህን እዚያው ያዝ» አለችው። «የማይሰማ ነገር ከፈለግሁ ግድግዳ አለኝ!»

አንድ ነገር ግን ዋጠች። ገንቦውን በአሥራ አራት ዓመቷ የሰበረችው፣ እናቷ እንዳያዩባት አባቷ ማንጎውን ሊተክሉ በቆፈሩት ጉድጓድ የቀበረችው እሷው ናት። ብትናገር ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ኩራቷ ግን የት ይሂድ...

ሐሙስ፣ «አልሄድም!» ብላ ስትምል አድራ፣ እናቷን ይዛ ባጃጅ ውስጥ ተገኘች። በራሷም በገነች።

ሙንታሲር መድረክ ላይ ወጣ። ጥፍሩ ውስጥ ጭቃ ደርቋል።

«ግኝት ላቀርብ ነበር» አለ። «ትናንት ግን ጭቃ አቡክቼ ቆረቆንዳ አንከባለልኩበት። ጌጡ ራሱ ነው። ገንቦው ጥንታዊ አይደለም። ይህን የነገረችኝን ልጅ ሳልሰማ ስቄባታለሁ። ዐፊፋ... ይቅርታ።»



ፊት ረድፍ የተቀመጡት አለቃው ግን ተቆጡ። «ታዲያ ያን ያህል ጥልቅ መሬት ውስጥ ማን ከተተው? አንተው ቀብረህ አንተው አወጣኸው?»

አዳራሹ አጉረመረመ። አጭበርባሪ ሊባል ነው። እንጀራውም ሊቆረጥ ነው።

«እኔ ነኝ!» ዐፊፋ ብድግ አለች። «እኔ ሰብሬ እኔው ቀበርኩት! ስምንት ዓመቱ ነው!»

እናቷ ዓፊያ ቀስ ብለው ዞሩና በተሰባበረ አማርኛቸው ጮኹ።

«አንቺ ነው? ወላሂ፣ እኔ ገንቦ አጠፋ ብሎ ስምንት ዓመት የጎረቤት የሻዕባን ፍየል ይረግማል!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አለቃው ሳይቀሩ ዕንባቸውን ጠረጉ።

ሙንታሲር በሩ ላይ ጠበቃት።

«ቀድመሽ ብትነግሪኝስ?»

«ቀድመህ ብትሰማኝስ?»

ሙንታሲር አቀርቅሮ የጥፍሩን ጭቃ ፈቀፈቀ።

«ሽማግሌ ልላክ?»

«ሁለተኛ ‹ከየት አውቀሽ› ትለኛለህ?»

«እልሻለሁ። ግን ደብተር ይዤ፣ ልጽፈው።»

ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም።

ዓፊያ መሃል ገቡ። «ሽማግሌ ይመጣል። መጀመሪያ ግን ጉድጓድ ይደፍናል! ማንጎ ሊወድቅ ነው!»

ደፈነው። ሽማግሌዎቹም መጡ። የሠርጉ ዕለት ዓፊያ ቆረቆንዳ የተንከባለለበት አዲስ ገንቦ አምጥተው በሁለቱ እጅ ላይ አስቀመጡ።

«ይሄ ሲሰበር አይቀበርም» አሉ። «ይነገራል።»