ቀይ የተቀባው ጥድ

ጡረተኛው መምህር ዘሩባቤል፣ ሁሉቃ ወንዝ ዳር ባለው የሠፈሩ መናፈሻ ውስጥ፣ ከአንድ ወጣት ጥድ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ዝናቡ ፋታ የሰጠበት የሐምሌ ጠዋት ነበር። ማጅራቱ ተፈንክቷል፤ ደሙ ለመንገዱ ጠርዝ የተደረደረው ድንጋይ ላይ ቀርቷል። ቀኝ እጁ እስከ አንጓው ቀይ ቀለም ነክቶታል። ብሩሹ ከጎኑ ወድቋል፤ ጣሳው ተደፍቶ ሣሩን አቅልቶታል። የጥዱም ግንድ ዙሪያውን ቀይ ተቀብቷል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

ኢንስፔክተር ወርቅቱ የጊንጪ ልጅ ናት። አጭር፣ ነገር ቶሎ የሚገባት፣ ስታሰላስል የጃኬቷን ዚፕ ከፍ ዝቅ የምታደርግ ሴት። እንደ ደረሰች አስቀድማ ያየችው ቀለሙን ነው። «ደሞ ይሄ ምን አጠፋ ብለው ሊቆርጡት ነው?» አለች በንዴት። ከዚያ ሬሳው ላይ ጎንበስ አለች።

ከመምህሩ ጭንቅላት ሥር የገዛ ኮቱ ታጥፎ ተደርጓል። ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ አንዲት ጠብታ ቀይ የለበትም። በዚያ እጁ እሱ አጥፎት ቢሆን ኮቱ በቀለም በተጨማለቀ ነበር። ያጠፈው ሌላ ሰው ነው። ሰው ጥሎ፣ መልሶ ትራስ የሚያደርግ! ወርቅቱ ስንት ሬሳ አንስታለች፣ እንዲህ ያለ ግን ገጥሟት አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የሠፈሩ ሰው ስለ መናፈሻው የወደፊት አያያዝ ሊመክር ቀጠሮ ይዟል። ማን ይጠብቀው፣ የትኛው ዛፍ ይቆረጥ፣ የትኛው ይቆይ፣ መንገዱ በየት ይለፍ፣ ካፌ ይከፈት ወይስ ይቅር። ዕቅዱን የያዘው ኮሚቴ አራት ሰው ነው፤ ሰብሳቢው ሟቹ ዘሩባቤል፣ ባለሱቋ ዓለሚቱ፣ የከተማው የአረንጓዴ ልማት ባለሙያ ፍሮምሳ፣ እና ችግኝ የሚያፈላው ኦቦ ቀንዓ። የበሩ ቁልፍ ያለው በነዚሁ ሰዎች እጅ ብቻ ነው። በሩ ደግሞ ጠዋት ተቆልፎ ነው የተገኘው።

በሩን ከፍታ ገብታ ሬሳውን ያየችው ዓለሚቱ ናት፤ ጩኸቷ ሠፈሩን አናወጠው።

«እኔን ከጠረጠርሽ ጠርጥሪ» አለች ወርቅቱን ገና ሳትጠየቅ። «ትናንት የኮሚቴው ስብሰባ ላይ ‹ካፌዬ ሬሳህ ላይም ቢሆን ይከፈታል› ብዬዋለሁ። ምላሴን በቆረጠው! ሰው ሲናደድ ምን የማይል አለ?»

«ከዚያ ወዲህ አላገኙትም?»

«አገኘሁት እንጂ! ማታ ሱቄ መጣ። ‹ቀይ ቀለም ስጪኝ፣ ለሚቆየው ዛፍ› አለኝ። አኩርፌ ሰጠሁት። እሱ ግን ይስቃል። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።» ዓለሚቱ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «ዛሬ የመጣሁት ለችግኝ ተከላው ነው። ብቻዬን አልነካም እንጂ። ኦቦ ቀንዓ የችግኙን ፕላስቲክ ሳልቀድ ተክዬ አንዴም ሁለቴም አስነቅሎኛል። ‹ሥሩን አፍነሽ ልትገድዪው ነው?› ብሎ የጮኸብኝ ጩኸት! የሰው ልጅ የገደልኩ ነው የሚመስለው።»

አፏን ያዘች። ያለችው ነገር ራሷን አስደነገጣት።

ኦቦ ቀንዓ ታች ወንዙ ዳር፣ ገና የተተከሉ ችግኞች አጠገብ ተቀምጧል። የጤና ጣቢያ ነጭ ጋውን የለበሰች ልጁ ለንሳ ትከሻውን ይዛዋለች።

«አካም ቡልታን፣ ኦቦ ቀንዓ?» አለች ወርቅቱ።

ሰው ታሞም፣ ከስሮም፣ ሐዘን ተቀምጦም ቢሆን ለዚህ የኦሮምኛ ‹እንዴት አደሩ› «ናጋ»፣ ሰላም ነው፣ ብሎ ነው የሚመልሰው። ኦቦ ቀንዓ አልመለሰም።

«አባቴ ደክሞታል» አለች ለንሳ ቶሎ ብላ። «እኔም ወሬውን ሰምቼ አሁን ከሥራ መምጣቴ ነው። እሱ ከማለዳ ጀምሮ እዚህ ሲተክል ነበር። ምንም አላየም።»

«ጥዱን ማን ነው የተከለው?»

ሽማግሌው ቀና አለ። «እኔ። ጊንጪ፣ ጭልሞ ጫካ ስሠራ ነው ዕድሜዬ ያለቀው፤ ችግኙን ከዚያ አመጣሁት። ሁሉቃ ሞልቶ ልጄን ሞቲን የወሰደው ጊዜ። ጉድጓዱን አብሮኝ የቆፈረው ዘሩ ነው፣ ዘሩባቤል። የሞቲ መምህር ነበር፤ ከኔ እኩል ነው ያለቀሰው።» ወደ ወንዙ ዞረ። «ሌላ የልጄ ነገር የለኝም። ሬሳው እንኳ አልተገኘም።»

ወርቅቱ ቁጢጥ አለችና ጣቷን አንዱ ችግኝ ሥር አፈሩ ውስጥ ሰደደች። የሚንኮሻኮሽ ፕላስቲክ ነካት። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። አፈሩን መልሳ ደመደመችው። ስትነሳ ዓይኗ ለንሳ እጅ ላይ አረፈ፤ ጋውኑ እንደ ወተት ነጭ ነው፣ ጥፍሮቿ ሥር ግን ጥቁር አፈር ሞልቷል።

ፍሮምሳ በሩ ጋ ቆሟል። ወጣት ነው፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ።

«መንገዱን በጥዱ ላይ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ትናንት ስብሰባው ላይ ካርታውን ስዘረጋ ኦቦ ቀንዓ አንድ ቃል ሳይናገሩ ተነስተው ወጡ። ጋሼ ዘሩባቤል ‹አንተ ካርታ እንጂ ሠፈር አታውቅም!› ብለው በሰው ፊት አዋረዱኝ። ቢሮዬ ድረስ ተከትለውኝ መጥተው፣ መንገዱ ካልዞረ ከዚህ ወንበር አልነሳም አሉ። አዞርኩት።»

«ለኦቦ ቀንዓ ማን ነገራቸው?»

«ማንም። ‹እንዳትነግረው፣ እኔ ራሴ ዛፉ ጋ ጠርቼ አስደስተዋለሁ› ብለውኝ ነበር።»

የወርቅቱ እጅ ዚፑ ላይ ቆመ። «ታዲያ ለምን ቀይ ቀቡት?»

«እንዳይቆረጥ ነዋ! የሚቆረጠው በነጭ ነው፣ የሚቆየው በቀይ። የጋሼ ሐሳብ ነው። ‹ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን ቀይ ማለት ቁም ማለት ነው እያልኩ አስተምሬ› አሉ። የተነጋገርነውም ኦቦ ቀንዓ ከወጡ በኋላ ነው።»

ወርቅቱ ሄዳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ጊንጪ ያደገ ልጅ የጭልሞን ቀይ ያውቃል። ምነው ባላወቅሁት፣ አለች በልቧ። ምነው ዛሬ ሌላ ሰው ተረኛ በሆነ።

ሠፈሩ ሊመክርበት በቀጠረው ሰዓት ሁሉም መናፈሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የሟቹ ሚስት ወለተማርያምም ጥቁር ለብሳ መጣች፤ ቤት ሁኚ ቢሏት አሻፈረኝ ብላ ነው።

«መምህሩን የጣለው ሰው ይወደው ነበር» ብላ ጀመረች ወርቅቱ። «ኮቱን አጥፎ ትራስ አድርጎለታል። ለካፌ ተጣልቶ የገደለ ሰው ይሮጣል እንጂ ትራስ አያደርግም። መምህሩ የወደቀው ቀለም እየቀባ ነው። እንግዲህ ያስቆጣው ነገር ቀለሙ ነው። እትዬ ዓለሚቱ ቀዩ ለሚቆይ ዛፍ እንደሆነ ሰምተዋል፤ የሸጡት እሳቸው ናቸው። ፍሮምሳም ያውቃል። ለነሱ ያ ቀለም የሚያስቆጣ አይደለም።»

ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ያላወቀ አንድ ሰው አለ። ከትናንቱ ስብሰባ ቀድሞ የወጣ። ጭልሞ ውስጥ ግንዱ ዙሪያውን ቀይ የተቀባ ዛፍ፣ መጥረቢያ የሚጠብቅ ዛፍ ነው። እኔም ጠዋት ሳየው የመሰለኝ ይኸው ነው። ኦቦ ቀንዓ፣ ከማለዳ ጀምሮ ሲተክሉ ነበር ብላለች ልጅዎ። እነዚያ ችግኞች ግን ከነፕላስቲካቸው ነው የተቀበሩት። እርስዎ እንዲህ ይተክላሉ?»

«እኔ ነኝ!» ለንሳ ብድግ አለች። «እኔ ነኝ የተከልኩት። ቁርሱን ላደርስለት ስመጣ የጋሼን ራስ ታቅፎ ይጮሃል… ጋሼ አልፈዋል። ጎትቼ ወንዙ ዳር ወሰድኩት። ሲተክል የቆየ እንዲመስል ችግኞቹን ቀበርኩ፤ በሱ ቁልፍ በሩን ቆልፌ ወደ ሥራ ሄድኩ። አንድ ወንድም ቀብሬያለሁ፣ ያውም ያለ ሬሳ። አባቴን እንዴት ልስጣችሁ? ፕላስቲኩ እንደሚቀደድ አጥቼው አይደለም፤ የሱ ልጅ ነኝ እኮ። እጄ እምቢ አለኝ።»

«ተይ፣ ልጄ» አለ ቀንዓ። ተነሳ። ወርቅቱን ሳይሆን ፍሮምሳን ነበር የሚያየው። «ቀዩ… የሚቆይ ነው አለች?»

ፍሮምሳ አንገቱን ነቀነቀ። ማልቀስ ጀምሯል። «መንገዱ ዞሯል፣ ኦቦ። ትናንት ነው የዞረው።»

«ሳቀ» አለ ቀንዓ። «ደውሎ ‹ቶሎ ና፣ የማሳይህ ነገር አለ› አለኝ። ስመጣ የልጄን ዛፍ ቀይ ይቀባል። ‹ዘሩ፣ አንተም?› አልኩት። ዞሮ አየኝና ሳቀ። ልጄን ለሁለተኛ ጊዜ ቀብሮብኝ የሚስቅ መሰለኝ። ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት። ስታቀፈው አፉ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ድምፅ ግን አልወጣውም።»

«ሌሊቱን አልተኛም» አለች ወለተማርያም። ለማንም አልነበረም የምትናገረው። «‹ቀንዓ ሲያይ ምን ይል ይሆን› እያለ እንደ ሕፃን ሲገላበጥ አደረ።»

ቀንዓ እግሯ ሥር ተደፋ። «ልቅበረው፣ ወለተ። ቀብሬው ልታሰር፣ ቀብሬው ልሙት። አፈር ስሆንልሽ።»

ዓለሚቱ ሳትቀር አቀርቅራለች። «ወንድም የለው» አለች ወለተማርያም። «አንተ ካልቀበርከው ማን ይቀብረዋል? ግን ከኋላ ሁን፣ ቀንዓ። ላይህ አልችልም።»

በማግስቱ አስከሬኑ ከምርመራ ተመልሶ ቀብሩ ሆነ። ወርቅቱ ካቴና አላወጣችም። ከለቀስተኛው ሁሉ ኋላ፣ ከሽማግሌው ጎን ለጎን ሄደች፤ ለንሳ በሌላው ጎኑ ደገፈችው። ሰዎቹ ሬሳውን በገመድ ሲያወርዱት ግን ቀንዓ ሰው እየገፋ ወደ ፊት መጣና እጁን ዘረጋ።

«ቀስ በሉ እንጂ» አለ፤ «ጭንቅላቱን ያመዋል።»