የጎን ስፌት

እናትየዋ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሁለት ሴት ልጆቿን በአንዲት የስፌት መኪና አሳደገች። ትንሿ ቀጭን ናት፤ ትልቋ ሞላ ያለች። ትልቋን በልጅነቷ የሰፈር ልጆች «በርሜል» ብለዋት ቀኑን ሙሉ አልቅሳለች። ያ ለቅሶ ከእናትየዋ ጆሮ ወጥቶ አያውቅም።

ትልቋን ግን ካደገች በኋላ የሚያንገበግባት ሌላ ነበር። ለትንሿ በየጊዜው አዲስ ቀሚስ ይሰፋል፤ ለእሷ ያው ሰማያዊ ቀሚሷ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ይመለሳል። እናትየዋ መርፌ በከንፈሯ ይዛ የትንሿን ወገብ ስትለካ ባየች ቁጥር ራሷን ትጠይቃለች። እኔን ሌላ ናት የወለደችኝ? ወገቤ ለመለካት እንኳ ያስጠላል? እናትየዋም ከአንድ ጨርቅ የተሰፋ ተመሳሳይ ሰማያዊ ቀሚስ ነበራት፤ ከለበሰችው ግን ቆየች። እኔን መምሰሉን ጠልታ ነው፣ አለች ትልቋ በሆዷ።

ከዚያ ውሃ ጥሙ ጠናባት፤ ዓይኗም ፈዘዘ። ሐኪሙ የስኳር በሽታ መሆኑን ነግሯት፣ መወፈር የጀመረችው መቼ እንደሆነ ጠየቃት።

«ኧረ አልወፈርኩም። ይኸው፣ ቀሚሴ ያው ነው» አለች። አብራት የመጣችው እናቷ አንገቷን ደፋች።

«ኢንሱሊን አላነሰሽም» አላት ሐኪሙ። ውፍረቱ ሲጨምር በሰውነቷ ሕዋሳት ላይ ያሉት ተቀባዮች የኢንሱሊኑን ጥሪ መስማት እንደተሳናቸው፣ ስኳሩም ወደ ሕዋሳቱ ሳይገባ ደጅ እንደቀረ አስረዳት። ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን ዓይኗ ባልተጎዳ ነበር።

ቤት ሲገቡ፣ «እሷን ስትለኪ ኖርሽ። እኔን አንድ ቀን ለክተሽኝ ቢሆን ታውቂ ነበር» አለቻት። ትልቋ ቤቱን ጥላ ወጣች። እናት ብትደውል፣ በትንሿ ብታስለምን... መልስ የለም። አንድ ቀን እናትየዋ በስፌት መኪናዋ ላይ እንደተደፋች ቀረች!

ከቀብሩ በኋላ ትልቋ ሰማያዊውን ቀሚስ አወጣች። በሕክምናው ከስታ ስለነበር ሰፋት። ልታጠብበው ጎኑን ስትተረትር፣ ከስፌቱ ቀጥሎ ሌላ ስፌት፣ ከዚያም ሌላ አገኘች፤ ዓይን የማይለየው ያው ሰማያዊ ጨርቅ፣ ቁራጭ በቁራጭ የተቀጠለ።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለች።

«ከእማዬ ቀሚስ ነዋ፣ እታለም» አለች ትንሿ። «በጠበበሽ ቁጥር ከራሷ እየቆረጠች ታሰፋልሽ ነበር። ‹ወፈርኩ ብላ እንዳታለቅስብኝ› እያለች፣ እንዳልነግርሽ አስምላኝ። አሁን ከእሷ ቀሚስ የቀረው አንገትጌው ብቻ ነው። እኔ እኮ ስቀናብሽ ነው የኖርኩት። ለእኔ የገበያ ጨርቅ፣ ለአንቺ የገላዋን።»

አላነሰሽም፣ ብሏት ነበር ሐኪሙ። ፍቅሯ ሞልቶ ሳለ፣ ተቀባይ አጥቶ ደጅ የቀረባት ስንት እናት ትኖር ይሆን? ዕጣ ፈንታስ ምነው እንዲህ ጨከነች...

ትልቋ የተረተረችውን ጎን በእናቷ ስፌት መስመር ላይ መልሳ ሰፋችው። አላጠበበችውም። እንደሰፋት ለበሰችው።