አሜን ከመባሉ በፊት

ሔራን የሁለተኛ አልበሟን የመጨረሻ መዝሙር ለመቅረጽ ማይኩ ፊት እንደቆመች ወደቀች። ኢንስፔክተር ዋቅጅራ ሄርማታ ሰፈር ካለው ስቱዲዮ ሲደርስ ነፍሷ ወጥታ ነበር። አጠገቧ በርጩማ ላይ ግማሹ የተጠጣ የዝንጅብል ሻይ አለ። ሐኪሙ ከሻዩ ውስጥ የተባይ መርዝ አገኘ።

«ሻዩን ማን አመጣው?»

«እኔ» አለ የስቱዲዮው ባለቤት ሸኩር። «እናቴ ናት ያፈላችላት፤ ለጉሮሮዋ ብላ።»

በቃ፣ ከተማው ፍርዱን ጨረሰ። ዘማሪቷ የሞተችው ሙስሊም ቤት፣ ሻዩን ያቀረበው እሱ፤ ሌላ ምን ቀረ? በማግስቱ ሸኩር ታስሯል፣ የስቱዲዮው መስኮትም በድንጋይ ረግፏል። ዋቅጅራ ግን ሰው በቸኮለ ቁጥር እሱ የሚዘገይ ግትር ነው።

የሸኩር እናት አዴ አፊፋ ጣቢያው በር ላይ ክንዱን ያዙት። «ማሎ፣ እባክህ ልጄ! ወላሂ ማር እንጂ ሌላ አልጨመርኩበትም። ያለ እሱ ማን አለኝ?» አንጀቱን በሉት።

ሔራን ስትወድቅ ክፍሉ ውስጥ የነበሩትን ሁለቱን ለየብቻ ጠራቸው።

«ከመቅረጻችን በፊት ሁሌ እንጸልያለን» አለች አጃቢ ዘማሪዋ ፋንቱ፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ። «ዓይናችንን ጨፍነን፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን፣ ሁሉም የየራሱን።»

«ሔራን ምን ብላ ጸለየች?»

«እኔ እንጃ! እኔ ስጸልይ እጮሃለሁ። እሷ ደግሞ በሹክሹክታ ነው።»

ኪቦርድ ተጫዋቹ ኤልያስ ግን ያየው ነገር ነበረው። «በጸሎቱ መሃል ዓይኔን ገለጥ ሳደርግ ሸኩር ሻዩን ሲያማስል አየሁት። ማር መስሎኝ ዝም አልኩ።»

«የመጀመሪያው አልበም ላይ ግጥምና ዜማ የሔራን ነው ይላል። እውነት ነው?»

«ክብሩ ለጌታ ነው፣ ኢንስፔክተር። ማንም ይጻፈው ማን!»

አዎ ወይም አይደለም የሚባለውን ጥያቄ በስብከት መመለሱ ዋቅጅራን ከነከነው። ወደ ሸኩር ሄደ።

«እነሱ ሲጸልዩ የት ነበርክ?»

«አዛን ሲል ሻዩን አስቀምጬላት መስጊድ ሄድኩ። ተናግሬያለሁ እኮ፣ ማን ሰማኝ? ሳይጠብቁኝ እንዲጀምሩ ሪከርዱን ከፍቼላቸው ነው የወጣሁት።»

ዋቅጅራ ከወንበሩ ተነሣ። ቀረጻውን ብቻውን ደጋግሞ ሰማው፤ ከዚያ ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰባቸው። አዴ አፊፋ በካቴና የታሰረውን ልጃቸውን ላለማየት ወለሉን ያያሉ።

«ሸኩር፣ ክፈተው» አለ።

በመጀመሪያ አዛን ከሩቅ ተሰማ፣ ቀጥሎ በሩ ሲንሲያጠጥ፤ ከዚያ ጸሎት። ፋንቱ ትጮሃለች፣ የኤልያስ ወፍራም ድምፅ ይከተላታል። በመሃል የኤልያስ ድምፅ ጠፋ። ኪን፣ ኪን፣ ኪን አለ ማንኪያ። ኤልያስ ተመልሶ ከፊቱ ይበልጥ ጮኸ፦ «አሜን! አሜን!»

«በሩ ዳግም የተሰማው ሔራን ከወደቀች በኋላ ነው» አለ ዋቅጅራ። «ታዲያ አንተ ያየኸው ሸኩር በየት ገባ? ማንኪያው ሲንቃጨል ፋንቱ እየጸለየች ነው፣ ሔራንም እየጸለየች ነው። ሸኩርም መስጊዱ ውስጥ እየጸለየ ነው። ያን ጊዜ ያልጸለየ አንድ ሰው ብቻ ነው። እጅህ መርዝ ሲያማስል አፍህ መጸለይ አቃተው።»

ኤልያስ ብድግ አለ። «መዝሙሮቹ የእኔ ነበሩ! ሁሉም! በስሟ አውጥታ ጭብጨባውን ወሰደች። በዚህኛውም ልትደግመው ነበር!»

«ጠይቀሃታል?»

ዋቅጅራ ወደ ሸኩር ዞረ።

«ሸኩር፣ ያችን ቦታ መልሳት። ድምፁንም ጨምረው። ማይኩ ከንፈሯ ሥር ነበር።»

በፋንቱ ጩኸት ሥር አንድ ሹክሹክታ ብቅ አለ። «ጌታ ሆይ፣ የኤልያስን መዝሙሮች በስሜ አወጣሁ፤ በድዬዋለሁ። ዛሬ እንደጨረስን እግሩ ላይ እወድቃለሁ። በዚህኛው አልበም ስሙ ከስሜ ይቅደም። ይቅር እንዲለኝ ልቡን…»

ኪን፣ ኪን፣ ኪን።

ፋንቱ አፏን በነጠላዋ ይዛ ተንሰቀሰቀች። ዋቅጅራ ካቴናውን ከሸኩር እጅ ፈታ፤ አዴ አፊፋ የልጃቸውን አንጓ ይዘው እያሻሹ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ኤልያስ ማንም ሳያዘው እጆቹን ዘረጋ።

«አጠገቧ ነበርኩ እኮ» አለ። «አጠገቧ ቆሜ አልሰማኋትም።»