ያልቀዘቀዘው መምህር

ጡረታ የወጡት የፊዚክስ መምህር፣ የሰፈሩን ተማሪዎች በሚያስጠኑባት ጠባብ ክፍል ውስጥ በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። ከግራ ጆሯቸው በላይ ደም አለ፤ የጠረጴዛው ማዕዘንም ላይ እንዲሁ። ከጀርባቸው ሥር ብርድ ልብስ ታጥፎ ተነጥፏል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ የማምሻው ብርድ ይገባል።

ዶክተሩ የሬሳውን ሙቀት ለክተው ተነሡ።

«ገና አልቀዘቀዙም። በዚህ ብርድ ክፍል ውስጥ እንዲህ ከሞቁ፣ የሞቱት ከምሳ በኋላ ነው።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። ጠይቃ ዝም ስለምትል ባልደረቦቿ «ጭምቷ» ይሏታል፤ ዝምታዋን መሸከም አቅቶት ስንቱ ሳይጠየቅ ለፍልፏል።

በቤቱ የሚያለቅስ አልነበረም። ነርሷ ልጃቸው የሆስፒታል ልብሷን ሳታወልቅ ሳሎን ተቀምጣለች፤ እጆቿን የሰው ዕቃ ይመስል ጉልበቷ ላይ አስቀምጣቸዋለች።

«ጠዋት ስወጣ ደህና ነበሩ» አለች። «ሻይ ሰጥቻቸው ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ዋርድ ነበርኩ።»

«ከአባትሽ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«ተጣልተን አናውቅም።» የበሽተኛ ካርድ የምታነብ ነው የምትመስለው። «እናቴ ልጅ ሆኜ በመኪና አደጋ ሞተች። የሚነዱት እሳቸው ነበሩ። ታስረውም ተፈትተዋል። ከዚያ ወዲህ አብረን ኖርን፤ አለቀ።»

ባሏ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሌሊት ይሠራል፣ ጠዋት ይተኛል። ከምሳ በኋላ ቤት ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ በር ላይ የቆመው ፖሊስ ዓይኑን ከሱ አልነቀለም።

«ትናንት ከአማትህ ጋር ተጨቃጭቀሃል አሉ» አለችው ጭምቷ።

«በሳላቸው ነው። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላቸው፣ ‹አንተ ዳቦህን ጋግር› አሉኝ።»

«ከምሳ በኋላስ?»

«ጓሮ የአጥር ቆርቆሮ ስመታ ዋልኩ። ያየኝ የለም።» ጠባብ ፈገግታ ፊቱ ላይ መጥቶ ጠፋ። «ሲፈልጉኝ የሚያዩኝ ጎረቤቶች ዛሬ ሁሉም ታውረዋል።»

«ወደ ክፍላቸው አልገባህም?»

«የሚስቴ አጎት ጠዋት ሊጠይቃቸው መጥቶ ነበር። ሲወጣ በመኝታ ቤቴ በር በኩል፣ ‹ሌሊቱን ሲያስለው አድሮ ገና አሁን እንቅልፍ ወሰደው፤ እንዳትቀሰቅሰው› አለኝ። አልቀሰቀስኳቸውም። ማታ ራሱ ተመልሶ መጣና ገባ። ሲጮህ ሮጥኩ፤ መስኮቱን እየከፈተ ነበር።»

ጭምቷ ዝም አለች። ጋጋሪው ወለሉን አየ።

«አንድ ነገር አለ፤ ይስቁብኛል ብዬ ነው። በሩ ጋ ስደርስ ሙቀት ፊቴን መታኝ። የምድጃ በር ሲከፈት እንደሚመታው። ድንጋጤ ነው ብዬ ተውኩት።»

እሷ አልሳቀችም።

የመምህሩ ታናሽ ወንድም ሰዓት ጠጋኝ ነው። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጉትም ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። ከሦስቱ የሚያወራው እሱ ብቻ ነበር።

«እንደ አባቴ ነበር። ጠዋት ጠይቄው ሱቄ ገባሁ። ደንበኞቼን ይጠይቁ፤ ለሽንት እንኳ አልወጣሁም። ማታ ስመለስ ይኸው…» ፊቱን አበሰ። «ክፍሉ በረዶ ሆኗል። የብረት መደርደሪያውን ብይዘው እጄን ቆረጠኝ። ማሞቂያ ሲነድ ቢውል ኖሮ ብረቱ አይግልም ነበር?»

ጭምቷ ለአፍታ አየችው። «ይግላል» አለችና ወደ ክፍሉ ሄደች።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ብቻዋን ቆየች። ጥግ ላይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል፤ ገመዱ ተጠቅልሏል። ሬሳው ከነበረበት አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ሻማ ተጋድሟል። ግማሹ በወፍራም መጽሐፍ ተከልሏል። የተከለለው ግማሽ ቀጥ እንዳለ ነው፤ ያልተከለለው ለስልሶ በበርጩማው ጠርዝ ቁልቁል ተቆልምሟል። ከዚያ መደርደሪያውን አየች። ታችኛው ክፍል ያለው የሻማ ፓኬት ደህና ነው። ጣሪያው ሥር ያለው ግን እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ጉማጅ ሆኗል።

ሁሉንም ጠራቻቸው። ዶክተሩም መጡ።

«ሁላችሁም ይህን የብረት መደርደሪያ ንኩ» አለች። «አሁን የእንጨቱን ጠረጴዛ።»

ነኩ።

«የቱ ይቀዘቅዛል?»

«ብረቱ ነዋ» አለ ሰዓት ጠጋኙ።

መደርደሪያው ላይ ካሉት የመምህሩ መሣሪያዎች ቴርሞሜትር አንሥታ መጀመሪያ ብረቱ ላይ፣ ቀጥሎ እንጨቱ ላይ አሳርፋ ጠበቀች። ለዶክተሩ አሳየቻቸው።

«እኩል ነው» አሉ።

«ብረት ከእጃችን ሙቀት ቶሎ ስለሚወስድ የቀዘቀዘ ይመስለናል። እጅ የሚነግረን ሙቀት ምን ያህል ቶሎ እንደሚሄድብን ነው። ለዚህ ነው እጄን ትቼ ሻማዎቹን ያመንኩት። የላይኛው ፓኬት ቀልጦ የታችኛው ለምን ዳነ? የሞቀ አየር ስለሚቀል ሽቅብ ይወጣል። ይህ ክፍል ተዘግቶ ለረጅም ጊዜ ሲሞቅ ውሏል። የበርጩማው ሻማስ ለምን በግማሽ ቀለጠ? የጋለ ነገር ሙቀቱን እንደ ብርሃን ቀጥ አድርጎ ይልካል፤ መጽሐፍ ይጋርደዋል። ከመጽሐፉ ጠርዝ ተነሥታችሁ መስመሩን ብትከተሉ፣ ማሞቂያው ከሬሳው ደረት አጠገብ ነበር።»

«ብርድ ልብሱስ?» አሉ ዶክተሩ።

«ሲሚንቶው የገላውን ሙቀት በንክኪ እንዳይወስደው ነው። ብርድ ልብስ ሙቀት አይሠራም፤ ያለውን እንዳይሄድ ይይዛል። ወድቆ የሞተ ሰው ለራሱ አያነጥፍም።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው የሞቱት ጠዋት ነው። እኔ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ የዋለ መስሎኝ…»

«እንዲመስልዎ ነው መስኮቱ የተከፈተው። አየሩ ወጣ፤ የቀለጠ ሻማ ግን ተመልሶ ቀጥ አይልም። አሁን ሬሳ አሙቆ ሞቱን ከቀትር በኋላ የሚያስመስል ማን ነው? ጋጋሪው? ከቀትር በኋላ ብቻውን የነበረው እሱ ነው፤ ራሱን ማነቅ ይሆንበታል። ልጅየዋ ከጠዋት ጀምራ ዋርድ ነበረች፤ የትኛውም ሰዓት ለሷ አንድ ነው። የሚጠቀመው ጠዋት እዚህ የነበረ፣ ከዚያ በኋላ ደንበኞች ከበውት የዋለ፣ በሩ እንዳይከፈት ያስጠነቀቀና መስኮቱን የከፈተ ነው።» ወደ ሰዓት ጠጋኙ ዞረች። «ስለ ማሞቂያ ማንንም አልጠየቅኩም። ያነሡት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ሰዓት ጠጋኙ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«መኪናውን የነዳሁት እኔ ነበርኩ» አለ። «ያኔ፣ እናትሽ የሞተች ቀን። ጠጥቼ። ‹አንተ ገና ለጋ ነህ፣ እስር ቤት ይበላሃል› ብሎ ጥፋቱን ወሰደልኝ። ሳሉ ሲጠናበት ዛሬ ጠዋት ጠርቶኝ፣ ‹ልጄ ሳታውቀኝ አልሞትም፤ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ› አለኝ። ለመንኩት። እምቢ አለ። ገፋሁት።»

«ሲገፏቸው አላሰቡበትም ይሆናል» አለች ጭምቷ። «ማሞቂያውን ሲደግኑ ግን አስበዋል። ለዚህ ልጅ ገመድ እየገመዱ ነበር።»

ጋጋሪው የወጣበትን ላብ በክንዱ ጠረገ። ፖሊሱ ሰዓት ጠጋኙን ይዞ ወጣ፤ ዶክተሩም ተከተሉ። ነርሷ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«እናቴ ከሞተች ጀምሮ ‹አንቱ› ነበር የምላቸው» አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ። «ሰው ሁሉ ‹እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ አሳደጉ› ይላቸዋል። እሳቸውም ቀና ብለው ያዩኝና ዝም ይላሉ። ጨዋነት አልነበረም። እንዳይቀርቡኝ ነበር።»

ባሏ እጇን ያዘ። እንባ እንዲመጣ የምትጠብቅ ይመስል ቆየች፤ አልመጣም።

«አባዬ» አለች ወደ ባዶው ወለል፣ የማታውቀውን ቃል እንደሚያነብ ሰው። «አንተ…»

ጭምቷ በሩን ሳታስጮህ ዘግታላቸው ወጣች።