ከሌሊሴ በላይ የነበረው ቀዳዳ

ሐምሌ ዘጠኝ፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ እህቴ ሌሊሴ ሞታ ተገኘች። አስኮ በምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት፣ የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ሶፋ ላይ ተጋድማ ነበር። ወገቧን ስለሚያማት ምሳ ሰዓት ላይ እዚያ ጋደም ትል ነበር። ከሶፋው አጠገብ ከሰል ማንደጃ ነበር። ከሰሉን ያስገቡት ዘበኛው ጋሽ ጉተማ ወዲያው ታሰሩ። እኔም ይበላቸው አልኩ።

በማግስቱ መርማሪዋ ኢንስፔክተር ብርቅዬ እኔ ባለሁበት ጋሽ ጉተማን ወደ ክፍሉ አስመጣቻቸው።

«ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ አቆይቼው ፍም ሆኖ ነው የገባው፣ የኔ ልጅ» አሉ። «ክረምቱ ከገባ ጀምሮ እንዲሁ ነው ያደረግሁት። ማን ሞተ?»

«ፍምም ጭስ ሳይኖረው ይገድላል፣ ጋሼ። እስከ ትናንት ለምን አልገደለም?»

መስኮቱን ገፋችው፤ በሚስማር ተመትቷል። ወንበር ላይ ወጣች። ከመስኮቱ በላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ ከቁርጥራጭ ጨርቅ በተሰፋ ትንሽ ትራስ ተደፍናለች። ትራሱ ላይ አቧራ የለም።

«እኔ ሠራተኞቼን የማስደስት ሰው ነኝ» አሉ ባለቤቱ አቶ ሚሊዮን። «ሶፋ ገዛሁ። ሻይ በነፃ!»

«ስኳር የሌለው» አለ ጨርቅ ቆራጩ ቡልቻ በቀስታ።

«ማሞቂያስ?» አለች ብርቅዬ።

«መብራት ይበላል።»

ከሌሊሴ ጎን የምትሰፋው ሳያት «እኔ ምንም አላየሁም» ብቻ አለች። ዓይኗ አብጧል።

ከሰዓት በኋላ ብርቅዬ ሁሉንም ሰብስባ ሰፊዎቹ በየማሽናቸው አንድ አንድ ስንዝር እንዲሰፉ አዘዘች። ከዚያ ትራሱን አነሳች።

«ስፌቱን እዩት፤ ይዘላል። ስፌት የሚዘል ማሽን ደግሞ እዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው። ሳያት፣ ትናንት ማሽንሽ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል?»

ሳያት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«እኔ ብቻ ነኝ። ንፋሱ ወገቧን እንዳይመታት ብዬ ነው የደፈንኩት። ከሰሉ ገና አልገባም ነበር… ቀጄላ፣ ወንድሜ፣ ሞቆሽ ተኚ ነው ያልኳት» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ።



«ይኸው! የኔ ጥፋት አይደለም!» አሉ አቶ ሚሊዮን።

«መስኮቱን በሚስማር ያስመታው ማነው?»

«ጨርቅ በዚያ እንዳያወጡብኝ ነዋ!»

«ስለዚህ ለመተንፈሻ የቀረችው ያቺ ቀዳዳ ብቻ ነበረች» አለች ብርቅዬ። «ይቺ ልጅ ብርዱን ልትከላከልላት ነው የደፈነቻት። እርስዎ መስኮቱን የዘጉት ሰው ሌባ ነው ብለው ነው። የጋሽ ጉተማን ካቴና ፍቱላቸው።»

አቶ ሚሊዮን ተከሰሱ፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ሳያት በሌሊሴ አርባ ቤታችን መጣች፤ እናቴ ከጎኗ አስቀመጠቻት።